በጋቢ ጠርዝ የወረደ ፍሬ

በየነች የሰው ልብስ ተቀብላ ወዲያው ውሃ ውስጥ አትነክርም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አጣቢ ሞልቷል፤ የሌሎቹ ሥራ ከሳፋና ከሳሙና ይጀምራል። የእሷ ልብሱ ገና ደረቅ ሳለ ይጀምራል። በረንዳዋ ላይ ካለችው ዝቅተኛ በርጩማ ትቀመጥና፣ ሱሪውን ወይም ጋቢውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከጠርዙ ጀምራ ወደ ላይ፣ የተለጠፈበትን ጭጎጎት አንድ በአንድ በጥፍሯ ትለቅማለች። የለቀመችውን በአሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታጠራቅምና እሳት ስታነድ ትገለብጥበታለች። ጠሽ ጠሽ እያለ ሲቃጠል ጥቂት ታዳምጠዋለች፤ ከዚያ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

«ጭጎጎት የሰው ደጅ አይጣልም» ይሉ ነበር እናቷ። «የጣለ ሰው በጎረቤቱ ማሳ አረም ዘርቶ ተኛ ማለት ነው።»

እናቷ ይህን ያሏት ጌጫ ነው፣ ደጋው ላይ። በየነች ከዚያ የወረደችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያገባት ሰው በሚዛን አካባቢ የቡና ሥራ ስላገኘ፣ ያላትን ጥቂት ዕቃ በጀርባዋ አዝላ ተከተለችው። መኪና አልተሳፈሩም፤ በማር ቆራጮች መንገድ፣ ጫካ ለጫካ፣ ሁለት ቀን ተኩል በእግራቸው ነው የመጡት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። ባሏ ሞተ፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ አድገው አገቡ፤ እሷም መጀመሪያ ለአስተማሪዎች፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ለተማሪና ለሠራተኛ፣ ለነጋዴም ስታጥብ ኖረች። ወደ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣችም። ለምን ሲሏት «ማን ቀርቶልኝ» ትላለች።

የሀገሩ ሰው ልብስ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ ጭጎጎት ብሎ ይደመድመዋል። ለእሷ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ጥቁሩ፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለው፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ ያለው፣ አዲስ ከተመነጠረ ማሳና ከመንገድ ዳር የሚመጣ ነው። ጠፍጣፋውና እንደ ሰንሰለት የተያያዘው ከቡና ጥላ ሥር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ነገሩን አስተካክሎ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ የሱሪውን ጠርዝ ግን ማን ያስተካክላል? በየነች ሰውን በጠርዙ ታውቀዋለች። ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ የሚለው ተማሪ መርፌውን የሰበሰበው በእግሩ ሳይሆን በመቀመጫው እንደሆነ ታያለች፤ ለብቻዋ ፈገግ ትልና ትለቅማለች። ስብሰባ ላይ ነበርኩ ያለው ሹም በማን ቡና ውስጥ እንዳቋረጠም ታያለች። አንድም ቀን ለአንድም ሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «ልብሱን የሰጠሽ ሰው ገላውን ነው የሰጠሽ» ነው የምትለው፣ ሥራውን ለጀመሩ ሴቶች ስትመክር። እንጀራዋ የቆመው በእጇ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በአፏ መዘጋትም ጭምር ነው።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት መጨረሻ፣ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ሰኞ ጠዋት ንጋቷ የባሏን ጋቢ በፌስታል ይዛ መጣች። ንጋቷ የጎረቤት ሴት ናት፤ ባሏ ሳህሉ የኸይሩ ቡና ማድረቂያ ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ባልና ሚስቱ የሚዛን ልጆች ተብለው ይጠሩ እንጂ የሳህሉ ዘር ከወደ ላይ እንደሚመዘዝ በየነች ታውቃለች፤ አነጋገሩ ይናገራል።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ቡና ሲጠብቅ ነው ወይስ ቡና ሥር ሲንከባለል የከረመው?» አለች ንጋቷ ፌስታሉን እያቀበለች። «እዩት እስቲ፣ ጃርት መስሏል።»

«አስቀምጪው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«ለረቡዕ ጸሎት ይደርስልኛል?»

«ፀሐይ ከወጣ። ፀሐዩን ግን እኔ አላጥበውም።»

ንጋቷ ስቃ ሄደች። በየነች ጋቢውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ እጇም ባለበት ቀረ።

አራቶቹ ነበሩ። በልጅነቷ «አራቶቹ» ነበር የምትላቸው። አበባው ሰማያዊ ነው፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፤ አበባው ሲረግፍ በቦታው አራት ትንንሽ ፍሬዎች ተቃቅፈው ይቀራሉ፤ ጀርባቸው በሙሉ መንጠቆ ነው። ሲበስሉ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ያለፈ ልብስና ያለፈ ፀጉር ይዞ ይሄዳል። ይህ ተክል የደጋ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት በሚዛን ዙሪያ በቅሎ አላየችውም፤ የምታገኘው ከላይ በወረደ ሰው ልብስ ላይ ነው፣ ያውም አንድ ሁለት። በሳህሉ ጋቢ ላይ ግን ከጠርዝ እስከ ጉልበት ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ሰው የማይረግጠው፣ ከብት የማይገባበት መንገድ ላይ የሄደ ሰው ጠርዝ ነው። በድርብ ስፌቱ መካከልም የዛፍ ሽበት ተሰክቷል፣ ትልልቅ ዛፎች ላይ የሚንጠለጠለው።

አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረቻት። ልጅ ሳለች እንዲህ ታደርግ ነበር። ቅርፊቷ እንደ ለውዝ ቀጭ ትላለች፤ ውስጧ ነጭ፣ ከሰሊጥ የምታንስ ነገር አለች። ምንም ጣዕም የላትም። በየነች ግን ለረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ ያዘቻት።

ከዚያ ለቀመች። ቆርቆሮው ከአፉ ደረሰ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ማታውን ይቃጠል ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ወር ማጂ ያለችው ልጇ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልካላት፣ እሳት ማንደድ ትታለች። ምድጃው ወጥ ያበስላል፣ ጭጎጎት ግን አይበላም። ስለዚህ ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጥማ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከኸይሩ ግቢ አምስት ጆንያ ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ጠፍቷል። ዓርብ ቀትር ድረስ ነበረ፤ ቅዳሜ ማታ ሲቆጠር የለም። ተራው የሳህሉ ነበር። ሳህሉ ዓርብ ከቀትር በኋላ «ወባ ጥሎኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ኸይሩ ለሠራተኞቹ ክፉ ሰው አይደለምና ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት ልኮለታል። መድኃኒቱን ያመጣው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ንጋቷ «እንዴ፣ እሱ እኮ ሥራ ነው ያደረው» አለችው። ሁለቱ ውሸቶች በር ላይ ተገናኙ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሥራ ጥሎ መሄድ ነው፤ ይቀጣና ያልፋል። ግን አንድ ደላላ ዓርብ ማታ ሳህሉን ቴፒ መናኸሪያ አየሁት ብሎ ተናገረ። ቴፒ ደግሞ ገዥ ሞልቷል፤ ጆንያ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኸይሩ ጠራውና «የት ነበርክ?» አለው። ሳህሉ አልመለሰም። በጸሎት ቤቱ የሚያገለግል፣ ነገር ሲጠየቅ ዓይን ዓይን እያየ የሚመልስ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰው፣ ሥራ እንደተበላሸበት ልጅ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ኸይሩ «ሽማግሌ ይየው። ካልተናገረ ግን ለፖሊስ አመለክታለሁ» ብሎ ቆረጠ።

ረቡዕ ንጋቷ የታጠበውን ጋቢ ልትወስድ መጥታ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። አለመነሣቷን በየነች አየች።

«አልናገርም አለኝ፣ እትዬ። እኔን! አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ።»

«ጊዜ ስጪው።»

«ጊዜማ ፖሊስ ይሰጠዋል።» ዓይኗን በጋቢው ጫፍ ጠረገች። «ሌባ አይደለም። ይሄን አውቃለሁ። ሌባ ካልሆነ ግን ምንድን ነው? ሴት ናት፤ ሌላ ምን ይሆናል? ቴፒ ሴት አለችው።»

«ሴትስ የለችውም» ልትል በየነች አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሴት ዘንድ የሚሄድ ሰው ያንን መንገድ አይሄድም።

ሦስት ቀን ያው ሳፋ፣ ያው ሳሙና ነበር፤ ሐሳቧ ግን እንደ ወትሮው አልፈስ አላት። ዝምታ አንድ ዓይነት ይመስላት ነበር፤ መልካም ነገር፣ እንደ ንጹሕ ልብስ ታጥፎ የሚቀመጥ። አሁን የሳህሉ ዝምታ ራሱን ሲያስር፣ የእሷ ዝምታ ደግሞ ቋጠሮውን ሲያጠብቅ አየች። ብትናገር የሰውን ገላ ገለጠች፤ ባትናገር ሰው ሌባ ተብሎ ይወርዳል። ሌባ የሚባል ስም ደግሞ እንደ ጭጎጎት አይደለም፣ በጥፍር አይለቀምም፤ ከአባት ወደ ልጅ ይለጠፋል። ጌጫን ታውቃታለች። ከላይ፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ መጥረቢያ የማይገባበት ጫካ አለ፤ የጎሳ አባቶች የሚጠብቁት፣ ሥርዓታቸውን የሚያደርሱበት። የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠለው እዚያ ነው፤ በጸሎት ቤት የሚያገለግል ሰው እዚያ ታየ ቢባል ምን እንደሚባልም ታውቃለች። መንገዱን እንጂ መድረሻውን አልናገርም ብላ ከራሷ ጋር ተስማማች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ በኸይሩ ግቢ ተቀመጡ፤ ቡናው ላስቲክ ለብሶ ከተኛባቸው ማድረቂያ አልጋዎች አጠገብ። አውራው ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። ሳህሉ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ንጋቷ አጥሩ ሥር። በየነች ቆርቆሮዋን ይዛ ስትገባ ሁሉም የኸይሩን ልብስ አምጥታ መሰላቸው።

«ገመዱ በዚያ ነው እትዬ» አለ ኸይሩ።

«ልብስ አይደለም። ምስክር ነው» አለችና ቆርቆሮውን ከፍታ ከጋሽ ወልደጻድቅ ፊት አስቀመጠች። «ይሄን ሰኞ ከዚህ ሰው ጋቢ ላይ ነው የለቀምኩት። የደጋ ነው። ቴፒ አይበቅልም፣ ቴፒ ቆላ ነው። በዚያን ቀን ሳህሉ የሄደው ደጋ ነው። የትኛው ደጋ፣ ለምን፣ አትጠይቁኝ። ቡና ይዞ ቴፒ የዋለ ሰው ጠርዝ ግን ይሄ አይደለም።»

ሳህሉ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ይለምን ነበር፤ ተይው የሚል ልመና።

ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አወረዱ። አንድ ፍሬ በመዳፋቸው አስቀምጠው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ፊታቸው ላይ የመማሪያ ክፍል ደስታ መጣ። «ይሄ እኮ ዘር እንዳይመስላችሁ። ፍሬ ነው! ሙሉ ፍሬ። ዘሩ ውስጡ ነው፤ ልክ እንደ ለውዝ። ከአንዲት አበባ አራት ይወጣሉ፤ አራት ወንድማማች፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቤት ይዞ…»

«ጋሼ፣» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የጠፋብን ቡና ነው፤ ለውዝ አልጠፋብንም።»

ሳቁ ሲበርድ ኸይሩ ራሱን እየነቀነቀ በየነችን አያት። «እትዬ በየነች፣ ልብሴን ማጠብ ከጀመርሽ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው። የኔንም እንደዚህ ስታነቢው ነው የኖርሽው?»

በየነች ወደ ቆርቆሮዋ ጎንበስ አለች። አንዱ ሽማግሌ የሱሪውን ጠርዝ በስውር ሲመለከት ታየ፤ ከዚያ ሌላው። ያኔ ገባት፤ ያወጣችው ነገር ተመልሶ ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም።

«መልካም» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «ኸይሩ፣ ነገ ቴፒ ትሄዳለህ አይደል? ዓይንህን ጥለህ ፈልግ። ቴፒ ከሌለ ቃሏ ቃል ነው። ካለ ደግሞ ነገሩ ባዶ ነው። ሐሙስ እንቀመጥ።»

በነዚያ አራት ቀናት ሁለት ደንበኞች ልብሳቸውን መልሰው ወሰዱ። አንዱ «ማሽን ገዛን» አለ፤ ሌላው ምንም አላለም። በየነች ባዶውን ገመድ እያየች፣ አንዳንዴ እናቷን በልቧ ትጠይቃለች። እናቷም ከሞቱ ብዙ ዘመን ነውና እንደ ድሮው አንድ ነገር ብቻ ይመልሱላታል፤ የሰው ደጅ አይጣልም።

ሐሙስ ኸይሩ የመጣው በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነው። ፈታው። ከሥሩ የተነቀለ፣ ቆላው ያቀጨጨው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ሰማያዊ አበባ የቀረችው ተክል ነበር፤ ከአበባይቱ በታች ያለው ሁሉ ፍሬ።

«መናኸሪያው ጀርባ» አለ ኸይሩ፤ ድምፁ ድል አልነበረበትም። «ተሳፋሪ የሚጠብቅባት አግዳሚ አለች አይደል፣ ከሷ ኋላ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሰባት ስምንት ነው። እትዬ፣ አንቺው እይው።»

በየነች ተክሉን ተቀበለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን ተክል በልጅነቷ የሰበረችው እሷ ብቻ ናት፤ «መሰለህ እንጂ ሌላ ነው» ብትል፣ ከጋሽ ወልደጻድቅ በቀር የሚከራከራት አልነበረም፣ እሳቸውም ሳያጣሩ አይናገሩም። ሳህሉ ይህን ያውቃል፤ ንጋቷም። በየነች አንዷን ፍሬ ቆረጠች፤ በጣቷ አሻሸቻት፤ መንጠቆው ጣቷን ያዘ።

«ራሱ ነው» አለች። «አልክድም። ቴፒም አለ።»

«እንግዲያው ምስክሩ ወደቀ» አለ ያው ቀልደኛው ሽማግሌ፣ አሁን ግን ሳይስቅ። «እትዬም ደንበኛዋን በከንቱ አጣች።»

ያኔ ነው ሳህሉ የተንቀሳቀሰው። ከአጥሩ ጥግ ወጥቶ እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ መጣ፤ ተክሉን ከበየነች እጅ ተቀበለና እንደማያውቀው ዘመድ አተኩሮ አየው።

«ይሄን የዘራሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?» አለ ኸይሩ።

«ደላላው አልዋሸም፤ ቴፒ አይቶኛል። መኪና ስቀይር ነው ያየኝ። እትዬም አልዋሹም። ወደ ጌጫ የሚሄድ በቴፒ ነው የሚያልፈው።»

በየነች አፏን በእጇ ያዘች። መንገዱ በቴፒ እንደሆነ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ የመኪና ረዳት «ቴፒ፣ ጌጫ» ብሎ ሲጮህ ትሰማለች። በልቧ ያለው መንገድ ግን ያ የማር ቆራጮች መንገድ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ስትመላለስ ነው የኖረችው።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ ሳህሉ። «በየወሩ፣ የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ። ስመለስ ቴፒ መናኸሪያ፣ ያቺ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ጋቢዬን እለቅማለሁ፤ ንጋቷ እንዳታይብኝ። የለቀምኩትን ወደ ኋላዬ ነው የምጥለው። የበቀለው እሱ ነው። ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ መኪናው ሊሄድ ሲል ዘልዬ ገባሁ፤ ሳልለቅም መጣሁ።»

«ጌጫ ምን አለህ?» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ በለሆሳስ።

«አባቴ።»

አጥሩ ሥር ንጋቷ ተነሥታ ቆመች። «አባትህ?» አለች። «አባቴ የለም ብለኸኝ?»

«አለ።» ዞሮ አያት። «የጫካው ጠባቂ ነው። ጌታን የተቀበልን ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለን፣ ከጓደኞቼ ጋር ሄደን ከዚያ ጫካ ዛፍ ቆርጠናል፤ የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። እንዳላይህ አለኝ፤ እኔም አባት የለኝም አልኩ። አሁን እግሩ ከዳው። ሰው ላከብኝ። እዚያ ጫካ ውስጥ አዝለህ አድርሰኝ፣ ጉቶው ጋ አስቀምጠኝ አለኝ። በየወሩ አዝለዋለሁ። እሱ የራሱን ይላል፤ እኔ የራሴን ጸሎት በልቤ እጸልያለሁ። ሌላ ምንም የለም። ያን ዓርብ ብሶበታል ብለው ደወሉ፤ ተራዬ ነበር። ዋሸሁ።» ተክሉን በእጁ እያዞረ ቀጠለ፤ «ጸሎት ቤት ቢሰማ ጣዖት ሊያመልክ ሄደ ይላል። አባቴ ዘንድ ያሉት ደግሞ ዛፍ ቆራጩ መጣ ይላሉ። በሁለቱም በኩል የማልነገር ሆንኩ፤ ዝም ብል ሌባ መባል ቀለለኝ።»

ኸይሩ ስልኩን አወጣ፤ ጌጫ ሱቅ ያለው የአጎቱ ልጅ ሰይፈዲን ዘንድ ደውሎ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ማድረቂያ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ከሰላምታው በኋላ «ሳህሉ የሚባል ሰው ታውቃለህ?» አለው።

«ማን፣ አባቱን አዝሎ የሚሄደው ረጅሙ ሰውዬ?» ጮኸ የሰይፈዲን ድምፅ። «እንዴት አላውቀውም! ልጆቹ ሁለት ራስ ነው የሚሉት። በቀደም ቅዳሜ ገና ሱቅ ስከፍት ስኳርና ዳቦ ገዛኝ፣ ዓርቡን አድሮ። ምነው፣ ሰውየው ሞቱ እንዴ?»

«አልሞቱም» አለ ኸይሩ። «ደህና ናቸው። ደህና ዋል።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ቡናው ላይ የተጋደመውን ላስቲክ ያለ ምክንያት አስተካከለ። «ሥራ ጥለህ ለሄድክበት ትቀጣለህ» አለ ጀርባውን እንደሰጠ። «ለሌላው አፉ በለኝ። አባት የታመመበት ሰው ወባ ያዘኝ አይልም፤ አባቴ ታመመ ነው የሚለው።»

ጀንፈሉ አልተገኘም፤ እስካሁንም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ሳህሉ ሥራው ላይ ነው። በጸሎት ቤቱ ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ራሱ ለጥቂት ወራት ከአገልግሎት ልረፍ ብሎ ጠይቆ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ንጋቷ ለሁለት ሳምንት አላናገረችውም ተብሎ ነበር፤ እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።

በየነች ደንበኛ አላጣችም። ከሄዱት አንዱ ተመልሷል፤ ማሽኑ በመብራት መጥፋት ተሸነፈ። የሚመጣው ልብስ ግን ተለውጧል። አሁን ሰው ሁሉ ልብሱን ለቅሞ ነው የሚያመጣላት። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ስታልፍ፣ ሹሙም ተማሪውም ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሲለቅም ታየዋለች፤ ሲያያት ጫማውን እንደሚያስር ይሆናል። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ዝም ያለ ነው፤ እንደማያውቃት ሰው ሰላም ብሏት ሳፋ ውስጥ ይገባል። ቆርቆሮው ባዶውን መስኮቱ ላይ ይውላል። ሥራዋ በግማሽ ቀለላት፤ እሷ ግን እጇ ሥራ እንደፈታ ሁሉ ልብሱን ከመንከሯ በፊት አሁንም ጭኗ ላይ ትዘረጋዋለች። ሰው ከሰው የሚደብቀው ነገር ሁሉ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚደበቀው፤ ብዙው አስረጂ ያጣ ነገር ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ልብስ ስትዘረጋ ግን እጇ እንደዚያ የሚያስብ ይመስላል።

በኅዳር መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ንጋቷ መጣች። ፌስታሉ ከወትሮው ተለቅ ያለ ነበር። አስቀምጣው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች፤ ወዲያ ወዲህ ታያለች።

«የሱ ጋቢ ነው» አለች።

«እሺ።»

«የኔም ቀሚስ አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የያዝኩት።»

በየነች ፌስታሉን ከፈተች። ጋቢው እንደ በፊቱ ጃርት መስሏል፤ አንድም አልተለቀመበትም። ቀሚሱን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አራቶቹ ከጠርዙ እስከ ጉልበቱ ጥቅጥቅ ብለዋል፤ ከወገቡ አጠገብ፣ ሰው ተደግፎት የቆመ በሚመስል ቦታ፣ አንድ ዘለላ የዛፍ ሽበት ተሰክቷል።

በየነች ቀና ብላ አየቻት። ንጋቷም አየቻት።

«ሳሙና አምጥተሻል?» አለች በየነች።

«አምጥቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለረቡዕ ይደርሳል፤ ፀሐይ ከወጣ።»

ንጋቷ ስትሄድ በየነች ቆርቆሮውን ከመስኮቱ አወረደች። መልቀም ከመጀመሯ በፊት ግን ተነሥታ ጓዳ ገባችና፣ ከኤሌክትሪክ ምድጃው ጀርባ ተረስቶ የነበረውን የከሰል ማንደጃ አውጥታ አቧራውን አራገፈች።